ባሌ ከበሩ ኋላ ምን እንዳላቸው ልጠይቅ የሄድኩ ቀን

ያን ቀን ጠዋት የባሌን ካፖርት ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። አርባው ወጥቷል፤ ልብሱን ለነዳያን ልሰጥ ነው። የሞተ ሰው ልብስ ሲሰጥ ደግሞ ቁልፉ እንደረገፈ፣ ኪሱ እንደተቀደደ አይሰጥም፤ ነውር ነው። ዓይኔ መርፌ አላይ ስላለኝ ክሩን የምታስገባልኝ ጫልቱ ናት። ጫልቱ ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት። ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግን። ስትቆጣ በኦሮምኛ ነው፣ ስታባብል በአማርኛ።

"ይሄን ካፖርት ለገመቹ ብትሰጪው ምን አለበት?" አለችኝ። ገመቹ ባሏ ነው።

"ለገመቹማ አይሆንም። በደጄ ባለፈ ቁጥር ደምሴ መጣ ብዬ ልነሳ ነው?"

ክሩን በምራቋ አርጥባ አስገባችልኝ።

ደምሴ ባሌ ነው፤ የዚህች የምትጽፍልኝ ልጅ አያት። እንጦጦ ላይ ደን ጠባቂ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያን ሁሉ ባሕር ዛፍ በእግሩ ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ቤታችን ከቀበና ወንዝ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማወራውን እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ደግሞ አስነብባት አስነብባትና "እንዲህ አላልኩም፣ አጥፊው" እላታለሁ።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው ነበርሽ ብትሉኝ፣ የተናደድኩ ሰው ነበርኩ። ለቅሶ ደራሹ ሲመጣ አለቅሳለሁ፤ ከለቅሶው ሥር ግን ንዴት አለ። ደምሴ የወደቀው የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ሰው ሞልቶ፣ ነርሱም ሐኪሙም እያለ፣ እኔ አጠገብ ተቀምጬ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ማለፍ ተውኩ። ሾላ ገበያ ስሄድ እንኳ ዞሬ ነው የምሄደው። የደም ግፊት መድኃኒቴን የምወስደው ከዚያው ነበር፤ እሱም ቀረ።

"ልትከተይው ነው?" ትለኛለች ጫልቱ።

"ብከተለውስ?"

እንዲህ ተቀምጠን ሳለ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ በሩን አንኳኳች።

"እማማ ዘነበች፣ ዛሬ ጤና ጣቢያ ስብሰባ አለ። ይመጣሉ?"

"የምን ስብሰባ?"

"አሠራሩን ሊቀይሩት ነው። እንዴት ቢሆን እንደሚሻል የሚታከመው ሰው ራሱ ይንገረን ብለው ነው።"

"እኔ አልታመምኩም ልጄ። የታመመው ሞቷል።"

አንገቷን ደፋች። "አስታማሚም ተጠርቷል" አለችኝ። "ደግሞ እርስዎን ጥሪልኝ ያለችኝ ሲስተር ማህሌት ናት።"

ስሟን ስሰማ ካፖርቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ደምሴን ተቀብላ አስገብታ፣ በሩን እኔ ላይ የዘጋችው እሷ ናት።

"አትሂጂ" አለች ጫልቱ። "ሄደሽ ደምሽን አታፍይ።"

"እሄዳለሁ። አንድ ነገር ጠይቄያት እመለሳለሁ።"

"ምን ልትጠይቂ?"

"ደምሴ እዚያ ክፍል ገብቶ ሲወጣ ምን እንደተባባሉ። ምን ብላ ወደ ወረፋ እንደመለሰችብኝ።"

እሱን ሳላውቅ ነው አርባውን ያወጣሁት። እሱ ነው ያላስተኛኝ።

ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት፣ ከላይ የመጣ ነው አሉኝ፣ ቀለም ቀለም ያለው ቁርጥራጭ ወረቀት ያድለናል። "ዛሬ እናንተ ናችሁ አስተማሪዎቻችን። ፊድባካችሁን ጻፉልን" ይላል። ከእኔ ጎን የተቀመጡት ባሻ ወልዴ ናቸው። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ አፋቸው ግን ስኳር የለውም።

"ልጄ" አሉት፣ "እኔ የማውቀው ፊርማ ብቻ ነው። ልፈርምልህ?"

ሰው ሳቀ። ልጁም ሳቀ፣ ደግ ልጅ ነው። "በአፋችሁ ንገሩን በቃ" አለ።

አንዷ ልጅ ያዘለች፣ "መጸዳጃው ውሃ ይኑረው" አለች። ባሻ ደግሞ፣ "ሻይ ስትጠጡ በሩን ዝጉት፤ እኛ ለምርመራ ሳንበላ ነው የምንመጣው፣ ሽታው ያምረናል" አሉ። ልጁ ሁሉንም ይለጥፋል። እኔ አላዳምጥም። ዓይኔ ሲስተር ማህሌት ላይ ነው። ጥግ ላይ ቆማለች፣ ነጭ ጋወኗን ለብሳ። ልጅ ናት። ያን ቀን ትልቅ ሴት መስላኝ ነበር።

ኋላ ልጁ ወረቀቱን ተወው። "እንዲህ ብናደርግስ" አለ። "ከውጭው በር እንጀምርና አንድ ሰው የመጣበትን ቀን እያስታወሰ ይምራን። የቆመበት እንቆማለን፣ የተቀመጠበት እንቀመጣለን። ማን ይምራን?"

ሰው ተያየ። እኔ ተነሳሁ። ነጠላዬን አጣፋሁና፣ "እኔ እመራችኋለሁ" አልኩ።

ሲስተር ማህሌት ከግድግዳው ስትላቀቅ አየኋት። ከሰው ኋላ ሆና ተከተለች።

ውጭው በር ላይ ልጁ፣ "እዚህ ጋ ምን ሆነ እማማ?" አለኝ።

"እዚህ አይደለም የሚጀምረው። ከላይ ከቤታችን ነው" አልኩት።

ከዚያ ነገርኳቸው። እኔና ደምሴ በወጣትነታችንም ተያይዘን መንገድ የሄድን ሰዎች አይደለንም። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ እንዲያ ነው የኖርነው። ያን ቀን ደረቱን ከበድ ብሎት አድሮ ተነሳ። "ጋዝ ነው" አለኝ። አስገድጄ አወጣሁት። ቁልቁለቱን ስንጀምር ቆመና፣ ሳያየኝ፣ ክንዴን ያዘ።

"ምነው?" አልኩት።

"ድንጋዩ ያንሸራትታል" አለኝ።

ድንጋዩ ደረቅ ነበር። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል። ያን ድንጋይ ደምሴ በጨለማ የሚያውቀው ድንጋይ ነው። ክንዴን ሲይዘው ይሄ ሰው ሊሞት ነው አልኩ በልቤ። አፍ አውጥቼ አላልኩትም፤ ለሱ እንዲህ አይባልም። እሱም እስከ ታች ድረስ ክንዴን አልለቀቀም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው ሲያይ ለቀቀኝ። ኮቱን አስተካከለና እንደ ልማዱ ከፊት ሆነ።

"እሺ እማማ" አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

ካርድ ክፍሉ ጋ ወሰድኳቸው። የቆምንበትን አሳየኋቸው። ደምሴ ግድግዳውን ተደግፎ እንደነበር፣ ግንባሩ ላብ እንደነበረው፣ እኔ በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግለት ስል እጄን መለስ እንዳደረገው። "ሰው ያያል" ነው ያለኝ። ከዚያ አግዳሚው ወንበር ጋ፤ ተቀመጡበት አልኳቸው፣ ተቀመጡ። ባሻም ልጅ ያዘለችውም። ከዚያ በሩ ጋ ደረስን።

ያ በር መጀመሪያ የሚታዩበት ክፍል ነው። ግፊት የሚለካበት፣ ማን ይቅደም ማን ይቆይ የሚባልበት። ቀለሙ ሰማያዊ ነው።

"እዚህ ስሙ ተጠራ" አልኩ። "አብሬው ልገባ ስል፣ አስታማሚ ውጭ ተባልኩ። በሩ ተዘጋ። ብዙም አልቆየ፣ ወጣ። ምን አሉህ ስለው፣ ወረፋ ጠብቅ አሉኝ አለኝ። ተቀመጥን። ከኛ ኋላ የመጣው ሁሉ ይገባል፣ ይወጣል፤ እኛ እንጠብቃለን። ኋላ ራሱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ሰው እያየው። ያን ጊዜ ጮህኩ።"

የቀረውን ማውራት አላስፈለገም፤ ያውቁታል። ስጮህ ሁሉም ሮጠ። በአልጋ አንስተው ደረቱን ሲመቱት፣ አምቡላንስ ሲጠሩለት አየሁ። ማንም አልሰነፈም ያን ጊዜ። ትልቁ ሆስፒታል ሳንደርስ፣ መገናኛ አካባቢ መኪና ተጨናንቆ ቆመን፣ አለቀ።

ዞርኩና ከሰው መሃል ፈለግኳት።

"ሲስተር ማህሌት" አልኳት፣ "ነይ እዚህ።"

መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት።

"እኔ ስለ መጸዳጃ ልናገር አልመጣሁም። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። በሩን ዘግተሽብኛል። ከውስጥ ምን አልሽው? ምን አለሽ?"

ልጁ ሊያቋርጥ ፈለገ። ባሻ እጁን ያዙት። "ተዋት" አሉት።

ሲስተር ማህሌት እንዲህ አለችኝ፦

"እንዴት ነዎት አባባ አልኳቸው። ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን አሉኝ። የሚያምዎት ነገር አለ አልኳቸው። ምንም የለኝም፣ ሚስቴ ናት ጎትታ ያመጣችኝ፣ እሷ ስትጨነቅ ነው አሉኝ። ሳቁም። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ወረድ ብሏል። ቁርስ በልተዋል ስላቸው፣ ጾም ነው አሉኝ። ላብ ነበራቸው፤ ቁልቁለት ወርደው በባዶ ሆድ ስለመጡ ነው ብዬ አሰብኩ። ቶሎ ሐኪም ጋ ላስገባዎት ስላቸው…" እዚህ ላይ ቆመች።

"ስትዪውስ?"

"ውጭ ሕፃን የታቀፉ እናቶች አይቻለሁ፣ እነሱ ይቅደሙ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ የት እሄዳለሁ አሉኝ። እኔም እሺ አልኳቸው እማማ። እሺ አልኳቸው። መረቁኝ ሲወጡ።"

አርባ ቀን ሙሉ የተቆጣሁት ቁጣ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስታስቡት ቁጣ መጥፎ ነው፤ ለኔ ግን ምርኩዝ ነበር። እሱን ተደግፌ ነው የቆምኩት። ያቺ ልጅ ይህን ስትለኝ ምርኩዙን ወሰደችብኝ፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ምክንያቱም አወቅሁት፤ ቃል በቃል የሱ ነው። ደምሴ አንድ ጊዜ ጫካ ውስጥ ግንድ እግሩ ላይ ወድቆ በሰው ትከሻ ሲያመጡት፣ እንዴት ነህ ስለው ተመስገን ነው ያለኝ። እኛ እኮ እንዲህ ነን። እንዴት አደርክ ሲሉን ተመስገን ነው፤ ልጅ ሞቶብንም ተመስገን ነው። ለጌታ የምናቀርበው ምስጋና ነው እንጂ ለሐኪም የምንሰጠው መልስ አልነበረም። ያቺ ልጅም ያደገችው እንደኛ ባለ ቤት ነው፤ ደህና ነኝ ላላት ሽማግሌ አልታመሙም እንዴ ብላ አትከራከርም፤ ጨዋ ናት። ሁለት ጨዋ ሰዎች ተመራርቀው ተለያዩ።

አለቀስኩ። እሷም ተንበርክካ ጉልበቴን ያዘች።

"ክንድሽን እንደያዙ ማን ይንገረኝ እማማ?" አለችኝ፣ አንቺ እያለችኝ፤ ተምታቶባት ነው። "ያን ብሰማ ሮጬ ነበር የማስገባቸው።"

"ማን ጠየቀኝ?" አልኳት። "አፌ ሞልቶ ነበር እኮ። ከበሩ ውጭ አፌ ሞልቶ ነበር የተቀመጥኩት።"

ልጁ፣ መነጽሩን እየጠረገ፣ "እማማ፣ እንግዲህ ምን እናድርግ?" አለኝ።

"ሰው አታስወጡ። በሩን አትዝጉ" አልኩት።

ዘበኛው ከኋላ፣ "እማማ ይቅርታ፣ ለአንድ በሽተኛ ስንት ዘመድ እንደሚመጣ ያውቃሉ? ክፍሏ እኮ ጠባብ ናት። ሌላውም የሚደበቅ ሕመም ይኖረዋል፤ ባል የማያውቀው፣ አማት የማይሰማው" አለ። ልክ ነው። እሱን አላሰብኩም ነበር። ልጅ ያዘለችውም "አማቴማ እንዳትገባብኝ" አለች። እዚያው በር ላይ ቆመን ተከራከርን፣ እንደ ዕድር ስብሰባ። በኋላ ባሻ፣ "አንድ ሰው ይግባ፤ በሽተኛው ራሱ የመረጠው። ማንንም ካልመረጠ ደግሞ ሲስተሯ ወጣ ብላ ያመጣውን ሰው ትጠይቅ" አሉ። በዚህ ተስማማን።

"እኔ ደግሞ" አለች ሲስተር ማህሌት፣ "እንዴት ነዎት ማለት ከተውኩ ምን ልበል?"

ያ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሲንከባለል ቆየ። የት ያምዎታል ይባል አሉ፤ ደምሴ እሱንም የትም ይል ነበር አልኩ። አንዱ አንድ ቃል አዋጣ፣ ሌላው ሌላ፤ መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦ ትናንት ይችሉት የነበረ፣ ዛሬ ያቃተዎት ምንድን ነው?

"እኔን ሞክሪኝ" አሉ ባሻ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"እንዴት ነዎት ባሻ?"

"ተመስገን፤ እንደ ጎረምሳ ነኝ።" ሁሉም ሳቀ።

"ትናንት ይችሉት የነበረ፣ ዛሬ ያቃተዎትስ ምንድን ነው?"

ባሻ ወደ እግራቸው አዩ። "የጫማዬ ክር" አሉ። "እግሬ አይሰማኝም። ልጄ ናት የምታስርልኝ።"

ሲስተር ማህሌት እዚያው አግዳሚው ላይ አስቀምጣቸው ጫማቸውን ፈታች። ውስጥ እግራቸው ላይ ቁስል ነበር፤ እሳቸውም አያውቁም።

ልሄድ ስነሳ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። ይቅርታ ልትለኝ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት። ለቅሶ ቤት የሚባለውን ማለት ነው። ሌላ ቃል አልነበረኝም። እሷም እንደ ሐዘንተኛ ራሷን ዝቅ አድርጋ "አሜን" አለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተስተካከለም። አንዳንድ ቀን ዘበኛው ይረሳና አስታማሚ ውጭ ይላል። የመጸዳጃው ውሃ ዛሬም ይመጣል፣ ይሄዳል። ግን ጥያቄው አለ፤ እኔም ስሄድ ተጠይቄያለሁ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ። በየወሩ ይጠሩናል፣ ከባሻ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እንጨቃጨቃለን። ልጁ "ሐሳብ ስጡ" ሲል ድሮ እኔ ምን አውቃለሁ እል ነበር፤ አሁን አልልም። ዕውቀት ስላለኝ አይደለም፤ የሞተው የኔ ስለሆነ ነው።

ልቤ ግን አልቀለለም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ሰው እውነቱን ሲያውቅ ያርፋል ይላሉ። እኔ ካወቅሁ ወዲህ የባሰ አዝናለሁ። በፊት ሌላ ሰው ነጥቆኝ ነበር የሚመስለኝ፤ አሁን ግን ተራውን ለሰው ሰጥቶ የሄደ ሰው ነው የማለቅስለት። እነዚያ እናቶች ከነልጆቻቸው ደህና ገብተው ይሆናል፤ ያሳድጓቸው። ሽማግሌ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ የወለዳችሁም ይሁን ያገባችሁ፣ ከበሩ ውጭ አትቅሩ። ደህና ነኝ ሲል አብራችሁ ተመስገን በሉ፤ ከዚያ ግን ያያችሁትን ተናገሩ። ይቆጣችኋል። ይቆጣ።

በቀደም ዕለት ጫልቱ መጣች። ገመቹን ጤና ጣቢያ ወስዳው፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልከውት፣ አልጋ ይዞ ከርሞ ገና መመለሱ ነው። ፊቷ ጠቁሯል። ደጄ ላይ ቁጭ አለች።

"ምነው?" አልኳት።

"አኩርፎኛል" አለች። "እሱው መርጦኝ አብረሽው ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ። ምን አቃተዎት ሲሉት ምንም አለ። እኔ ግን ነገርኳቸው፤ ሌሊት ተቀምጦ እንደሚያድር፣ ልብሱን እኔ እንደማለብሰው፣ ሁሉንም። ገመናዬን አወጣሽው ብሎ ይኸው እስካሁን አያናግረኝም።"

"ታዲያ ምን አልሽው?"

"ምን እለዋለሁ ዘኑ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እኔም ጀርባውን ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ ሲተነፍስ ከፍ ዝቅ ይላል። ያኩርፍ። ቤቱ ተኝቶ ያኩርፈኝ።"